ኤደን፦ ቦታዋን ብቻ የምትሸጥ ወደብ

በ1330 ገደማ ኤደን የደረሰው የታንጀሩ መንገደኛ ኢብን ባቱታ ከተማዋ ሰብል የላት፣ ዛፍ የላት፣ ውሃ የላት ይላል። እዚያው ላይ ግን አንዳንድ ነጋዴዎቿ ትልቅ መርከብ ከነጭነቱ ያለ ሸሪክ ለብቻቸው የሚይዙ ባለጠጎች መሆናቸውን ይመሰክራል። የኤደን ጉዳይ ከነእንቆቅልሹ እዚህ ውስጥ ያለ ይመስለኛል። ጠብታ ውሃ የማይፈልቅበት ቋጥኝ ላይ ያ ሁሉ ሀብት ከየት መጣ? በኋላስ የት ገባ? (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ካርታውን እንይ። ከጅቡቲ በባሕር ወደ ሰሜን ምሥራቅ 240 ኪሎ ሜትር ያህል ቢጓዙ፣ ወይም ከባብ ኤል ማንደብ ወጥተው ወደ ምሥራቅ 170 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሄዱ፣ ከየመን ጠረፍ ተገንጥሎ ባሕር ውስጥ የገባ የሚመስል ጥቁር ተራራ ይገጥምዎታል። ከሩቅ ሲያዩት ደሴት ነው። ቀረብ ሲሉ ግን ከዋናው ምድር ጋር የሚያያይዘው ዝቅ ያለ የአሸዋ አንገት ይታያል። ይህ አንገት ኾርማክሳር ይባላል፤ በድሮው ጊዜ ስፋቱ ጠበብ ከሚልበት ላይ ከአንድ ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም ነበር። ተራራው ሻምሳን ነው፣ ከባሕር ወለል ከ500 ሜትር በላይ ቀጥ ብሎ የቆመ። ባሕረ ገብ መሬቱ በጠቅላላ ከ54 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ አያልፍም።

ሻምሳን ከሚሊዮን ዓመታት በፊት የሞተ እሳተ ገሞራ ቅሪት ነው። አረብ ከአፍሪካ ቀንድ እየተላቀቀች የኤደን ባሕረ ሰላጤ ሲከፈት በጠረፉ ላይ ተራ በተራ ከፈነዱት አንዱ ሲሆን፣ ዛሬም አፋር ላይ መሬት የሚሰነጥቀው ኃይል የቅርብ ዘመዱ ነው። የእሳተ ገሞራው አፍ በምሥራቅ በኩል ተንዶ ወደ ባሕር ተከፈተ፤ አሮጌዋ ከተማም የተሠራችው እዚያው አፍ ውስጥ ነው። እንግሊዞች «ክሬተር» ያሏት በዚህ ምክንያት ነው፣ ስሙም እስከ ዛሬ አልለቀቃትም። ክሬተር ሦስት ጎኗ የተራራ ግድግዳ፣ አንድ ጎኗ ባሕር ነው። ከባሕሩ ፊት ለፊት ደግሞ ሲራ የምትባል ዓለታማ ደሴት ምሽግ ተሸክማ ቆማለች።

በምዕራብ በኩል፣ ከባሕረ ሰላጤው ማዶ፣ ሁለተኛ የእሳተ ገሞራ ቅሪት አለ፤ ትንሿ ኤደን ወይም ቡረይቃ ይባላል። ሁለቱ ተራሮች እንደ በሬ ቀንድ ወደ ባሕር ወጥተው በመካከላቸው ሰፊና የተጠለለ ውሃ አቅፈዋል። የክረምቱ የደቡብ ምዕራብ ነፋስ ባሕረ ሰላጤውን ሲያናውጥ፣ ከሻምሳን ጀርባ መልህቅ የጣለ መርከብ ግን ተረጋግቶ ይተኛል። ከቀይ ባሕር እስከ ሕንድ ባለው መስመር ላይ እንዲህ ያለ የተፈጥሮ ወደብ ብዙ አይገኝም።

በአንደኛው ክፍለ ዘመን ስሙን ያልተወልን አንድ ግሪክኛ ጸሐፊ የቀይ ባሕርንና የሕንድ ውቅያኖስን ንግድ ሲዘረዝር ይህችን ቦታ አንስቷት ነበር። ከሕንድ የሚመጣው ወደ ግብፅ፣ ከግብፅ የሚመጣውም ወደ ሕንድ ዘልቆ ለመሄድ በማይደፍርበት ዘመን ሁለቱ የሚገናኙት እዚህ ነበር ይላል። ልብ በሉ፣ በጽሑፉ ውስጥ የኤደን ሚና አምራችነት አይደለም፤ መሀል ላይ መገኘት ነው። መርከበኞች ነፋሱን ተምረው ቀጥታ መጓዝ ሲጀምሩ ደግሞ ያ ሚና ይቀንሳል። ይኸው ነገር ከ1,900 ዓመታት በኋላ እንደገና ይገጥማታል።

ውሃው

ኤደን በዓመት የምታገኘው ዝናብ 50 ሚሊ ሜትር እንኳ መድረሱ ያጠራጥራል። አዲስ አበባ በአንድ የሐምሌ ሳምንት ከዚያ የሚበልጥ ይወርድባታል። የኤደን ዝናብ አልፎ አልፎ ሲመጣ ግን በአንዴ ነው፤ ከሻምሳን ግድግዳ እየተንደረደረ በአንድ ጠባብ ሸለቆ ወደ ክሬተር ይወርዳል። የጥንት ሰዎች ይህን አይተው በሸለቆው ውስጥ አንዱ ሞልቶ ሲፈስ ሌላውን የሚሞላ የውሃ ማጠራቀሚያ በደረጃ ሠሩ። ከፊሉ ከዓለቱ የተፈለፈለ፣ ከፊሉ በግንብ የተዘጋ ነው፤ ውስጡ ውሃ በማያሰርግ ልስን ተለስኗል። ጎርፉ መጀመሪያ ድንጋይና ደለሉን የሚያራግፍበት ትንሽ ጉድጓድ፣ ከዚያ ዋናው ገንዳ፣ ከዚያ የሚቀጥለው። የጣዊላ ገንዳዎች ይባላሉ። መጀመሪያ ማን እንደሠራቸው ሊቃውንት አልተስማሙም፤ ኢብን ባቱታ ሲደርስ ግን ከተማዋ የምትጠጣው ከእነሱ ነበር።

ከዚያ ደለል ሞላቸው፣ ተረሱ። በ1850ዎቹ ፕሌይፌር የተባለ እንግሊዛዊ ሹም ከተቀበሩበት አስቆፍሮ ሲያስጠግናቸው ነው እንደገና የታዩት። ዛሬ ለዓይን የሚታዩት 13 ያህል ናቸው። ጥገናው አሠራራቸውን ቀይሮታል፣ የጥንቱ መሐንዲስ ያሰበውን አበላሽቷል ብለው የሚወቅሱ አሉ፤ ወቀሳው ያሳምነኛል። ያም ሆነ ይህ ገንዳዎቹ ብዙ ሠራዊትና ብዙ መርከብ ለማጠጣት አልበቁም። እንግሊዞች የባሕር ውሃ እያፈሉ እንፋሎቱን ወደ ማጠንፈፍ ገቡ፤ ከዋናው ምድርም ከሸኽ ዑስማን በኩል ውሃ በቦይ አመጡ። ኤደን ለመርከብ የምትሸጠው ከሰል ከባሕር ማዶ የመጣ ነበር፤ የምትሸጠው ውሃ እንኳ በከሰል እሳት የተሠራ ነበር።

በር ያለው ምሽግ

በወታደር ዓይን ሲታይ ይህ ቦታ የተዘጋጀ ምሽግ ነው። በ1513 ፖርቱጋላዊው አፎንሶ ደ አልቡከርክ የቀይ ባሕርን በር ሊዘጋ መርከቦቹን ይዞ መጣ። ወታደሮቹ የከተማዋን ቅጥር በመሰላል ሊወጡ ሲሻሙ መሰላሎቹ በክብደት ብዛት ተሰበሩ፣ ጥቃቱ ከሸፈ፣ ሄደ። በ1538 የኦቶማኑ ሱለይማን ፓሻ ደግሞ ጣጣ የሌለበትን መንገድ መረጠ፦ የኤደንን ገዥ ወደ መርከቡ ጋብዞ ሰቀለው። ቅጥሩን ማንም አልነካውም፤ ከተማዋ ተያዘች።

ከዚያ በኋላ የየመን ቡና ሞኻ በምትባለው የቀይ ባሕር ወደብ በኩል ሲወጣ ኤደን ደከመች። በ1839 ከመቶዎች የማይበልጥ ሰው የሚኖርባት፣ ቤቶቿ የፈረሱ መንደር ነበረች። ቦታው አልተለወጠም፤ ተራራውም፣ የተጠለለው ውሃም እንዳለ ነው። የተለወጠው መንገደኛው ነበር።

ከሰል

ኤደንን ከሞት ያስነሳት የእንፋሎት መርከብ ነው፤ ወይም በትክክል ለመናገር የእንፋሎት መርከብ ሆዳምነት። በ1830 «ሂዩ ሊንድሴይ» የምትባል መርከብ ከቦምቤይ ወደ ስዊዝ ተነሳች። የተሠራችው ለአምስት ቀን ተኩል የሚበቃ ከሰል እንድትይዝ ነው፤ እስከ ኤደን ያለው ጉዞ ግን 11 ቀን ይፈጃል። ስለዚህ ከሰሉ በመርከቧ ወለል ላይ፣ በመንገደኛ ክፍሎች ውስጥ ሳይቀር ተቆለለ፤ መርከቧ ውሃው ወለሏን ሊነካ እስኪደርስ ሰጥማ ወጣች። ኤደን ስትደርስ የቀራት ከሰል ለጥቂት ሰዓት የሚሆን ነበር። ከቦምቤይ እስከ ኤደን 3,000 ኪሎ ሜትር፣ ከኤደን እስከ ስዊዝ 2,400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እንግዲህ የእንፋሎት መስመር ሊከፈት ከተፈለገ መሀል ላይ የከሰል ክምር የግድ ነው።

ሕንድን ይገዛ የነበረው የእንግሊዝ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ መጀመሪያ የሞከረው የሶኮትራን ደሴት ነበር። በ1834 ወታደር አሰፈረባት፤ ወባ ጨረሳቸውና በዓመቱ ለቀቁ። ኤደን ደረቅ ናት፣ ወባ አያሰጋትም፤ ያ ሁሉ ሰው የሚያማርርበት ድርቀቷ እዚህ ላይ ጠቀማት። በ1837 የእንግሊዝ ባንዲራ የያዘች «ዶሪያ ዳውላት» የተባለች መርከብ ኤደን አጠገብ ተሰብራ ተዘረፈች። የኩባንያው ካፒቴን ሄይንስ ካሣ ሊጠይቅ መጣ፤ የካሣው ጥያቄ ባሕረ ገብ መሬቱን በጠቅላላ ወደ መግዛት ተሸጋገረ። ኤደንን ይገዛ ከነበረው ከላሕጅ ሱልጣን ጋር የተነጋገሩበት ዋጋ በዓመት 8,700 ማርያ ቴሬዛ ጠገራ ብር ነበር። ስምምነቱ ሲፈርስ ጥር 19 ቀን 1839 ሁለት የጦር መርከቦች የሲራን ምሽግ ደብድበው ከተማዋን ያዙ። በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን ብሪታንያ የያዘችው የመጀመሪያው ግዛት ይህ ነው።

ሄይንስ 15 ዓመት አስተዳደራት። ነጋዴዎችን ከሞኻ ሳበ፣ ከሸኽና ከሱልጣን ጋር ሲዋዋል ሲጣላ ኖረ፣ ፍርስራሹን ከተማ አደረገው። በስተመጨረሻ ግምጃ ቤቱ ሲቆጠር ብዙ ገንዘብ ጎደለ። ከማጭበርበር ክስ ነጻ ቢባልም ዕዳው ይከፈል ተብሎ ቦምቤይ ስድስት ዓመት ታሰረ፤ በ1860 ተፈትቶ በቀናት ውስጥ ገና ከወደቡ ሳይወጣ ሞተ። ቦምቤይ ኤደንን ሂሳብ በሚሠራ ጸሐፊ ዓይን ነበር የምታየው፤ እስከ 1932ም አስተዳደሩ ከእጇ አልወጣም።

በ1850 ኤደን ከቀረጥ ነጻ ወደብ ተባለች። በ1869 ስዊዝ ተከፈተ። ከዚያ በኋላ አውሮፓን ከሕንድ፣ ከሩቅ ምሥራቅና ከአውስትራሊያ የሚያገናኘው መርከብ ሁሉ በሯ ላይ ያልፋል። አሮጌው ወደብ ከክሬተር ፊት፣ በምሥራቅ፣ ነበረ፤ ጠባብና ደለል የሞላው ስለነበር አዲሱ ወደብ በምዕራብ በኩል ታዋሂ ላይ ተሠራ። እንግሊዞች «ስቲመር ፖይንት» አሉት። ክሬተርና ታዋሂ መካከል ተራራው ስላለ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚኬደው ዓለቱ ተቆርጦ በወጣ በር በኩል ነው። ባብ ኤል ማንደብ ላይ ፔሪም የምትባል ደሴት ከ1883 ጀምሮ የራሷን ከሰል እየሸጠች ተፎካክራት ነበር፤ ዘይት ከሰሉን ሲተካ ግን በ1936 ጣቢያዋ ተዘጋ። ኤደን ወደ ነዳጅ ዘይት በጊዜ ስለተሻገረች ተረፈች።

እኛ ዘንድ የደረሰው ጥላ

የዚህች ትንሽ ቋጥኝ ጥላ ከባሕር ማዶ ረጅም ነበር። የኤደን ጦር ሥጋ ይበላል፤ ኤደን ግን ለበግ የሚሆን ሳር የላትም። በጉ የሚመጣው ከበርበራ ነው። ብሪታንያ በ1884 ሰሜናዊውን የሶማሌ ጠረፍ ስትይዝ ዋና ከሆኑት ምክንያቶቿ አንዱ የኤደንን ሥጋ ማስጠበቅ ነበር። ዛሬ በአፍሪካ ቀንድ ካርታ ላይ የምናየው አንዱ ድንበር መነሻው የጦር ሰፈር ወጥ ቤት ነው ማለት ይቻላል።

የሐረር ቡናና ቆዳም በዘይላና በበርበራ ወጥቶ ኤደን ይከማች ነበር። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርቱር ራምቦ በ1880 ኤደን ላይ በአንድ የቡና ነጋዴ ድርጅት ተቀጥሮ ነው ወደ ሐረር የተላከው። የጅቡቲ ባቡር መጥቶ መስመሩ ወደዚያ ቢዞርም ግንኙነቱ አልተቋረጠም። በ1950ዎቹ ከድሬዳዋ የሐረርጌ ጫት በአውሮፕላን እየተጫነ ኾርማክሳር አውሮፕላን ማረፊያ ይደርስ ነበር። የኤደን አስተዳደር በ1957 ጫትን አገደ፤ በሚቀጥለው ዓመት እገዳው ተነሳ። ለምን እንደተነሳ የከሰዓቱን ሰው ያየ አይጠይቅም።

ከፍታው

በ1951 ኢራን ዘይቷን ወርሳ የአባዳን ማጣሪያ ከእንግሊዞች እጅ ሲወጣ፣ ትንሿ ኤደን ላይ አዲስ ማጣሪያ ተሠርቶ በ1954 ሥራ ጀመረ። ድፍድፉ ከውጭ ይመጣል፣ የተጣራው ለመርከብ ይሸጣል። እንደገና ኤደን ያቀረበችው ቦታ ብቻ ነው። በእነዚያ ዓመታት በሚጎበኟት መርከቦች ብዛት ከኒውዮርክ ቀጥላ ትጠራ ነበር። ከእንግሊዝ ወደ አውስትራሊያ የሚያልፈው መንገደኛ መርከቡ ነዳጅ እስኪቀዳ ታዋሂ ወርዶ ከቀረጥ ነጻ ካሜራና ሰዓት ይገዛል፤ ማታ ይሳፈራል፣ ይሄዳል።

ከዚህ ገቢ የሚኖረው ሕዝብ አበዛዙ ፈጣን ነበር። መዓላ የሚባለው የወደብ ሰፈር ከየመን ተራራ፣ ከሶማሌ፣ ከሕንድ በመጣ ሠራተኛ ተሞላ። የወደብና የማጣሪያ ሠራተኛው ማኅበር አቋቋመ፣ አድማ መታ፣ ከካይሮ ሬዲዮ አደመጠ። ብሪታንያም በዚያው ሰዓት ኤደንን የመካከለኛው ምሥራቅ ዋና ጦር ሰፈሯ አድርጋ እያስፋፋች ነበር። አንድ መርከብ የሚቀዳበት ወደብና አንድ የጦር ሰፈር በ54 ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ ተደራርበው ሲቀመጡ ግጭቱ ከየትም አይሸሽም። የታጠቀው አመፅ በጥቅምት 1963 በራድፋን ተራሮች ጀምሮ ወደ ከተማዋ ወረደ። በየካቲት 1966 ለንደን በ1968 ለቅቃ እንደምትወጣ አስታወቀች።

1967

ሰኔ 1967 ሁለት ነገር በአንድ ወር ሆነ።

የመጀመሪያው ሰኔ መጀመሪያ ላይ ነው። የአረብ እስራኤል ጦርነት ፈነዳ፣ የስዊዝ ቦይ ተዘጋ። ሁለተኛው ሰኔ 20 ነው። የአረብ ፖሊሶች ክሬተር ውስጥ አመፁ፣ በዚያ ቀን ከ20 በላይ የብሪታንያ ወታደሮች ሞቱ፣ ቀሪዎቹ ወጡ። ጥንት ለመከላከል የተመረጠው የእሳተ ገሞራ አፍ አሁን በተቃራኒው ሠራ፦ መግቢያው ከተራራው የተቆረጠው በርና በባሕሩ ዳር የሚዞረው መንገድ ብቻ ስለሆነ፣ ሁለቱን የያዘ ሰው ከተማዋን ይይዛል። አማፅያኑ ለሁለት ሳምንት ያህል ያዟት። በሐምሌ መጀመሪያ የስኮትላንድ ወታደሮች በሌሊት በባሕሩ ዳር መንገድ ከረጢት ያለውን እምቢልታቸውን እየነፉ ተመልሰው ገቡ። ጋዜጦች በዚህ ትዕይንት ተሞሉ።

ትዕይንቱ ግን የጉዳዩ ፍሬ አይመስለኝም። ፍሬው ከ2,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ስዊዝ ላይ ነው። ክሬተር በማን እጅ እንዳለች ተጨንቆ የሚከራከር ሁሉ፣ ወደቡ ባዶ እየሆነ መሆኑን ዘግይቶ ነው ያየው። ቦይ ሲዘጋ መርከቦቹ በደቡብ አፍሪካ ዞሩ። ነዳጅ የሚቀዳ የለም፣ ካሜራ የሚገዛ የለም። በኅዳር 1967 መጨረሻ የመጨረሻው የብሪታንያ ወታደር ሲወጣ አዲሱ መንግሥት የተረከበው ገቢው የደረቀ ወደብ ነበር። ቦይው የተከፈተው በሰኔ 1975 ነው። እስከዚያ ስምንት ዓመት አለፈ፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ግዙፍ የነዳጅ መርከቦች በተስፋ መልካም ርእስ መዞርን ለምደዋል፣ የናፍጣ ሞተርም መሀል ላይ ሳይቆም ረጅም መንገድ ይሄድ ጀምሯል። መንገዱ ተከፈተ፤ ማቆም ግን የግድ መሆኑ ቀርቷል።

ጅቡቲም በስዊዝ መዘጋት ተጎድታለች። ልዩነቱ ከጀርባዋ ያለው አገር ነው። ጅቡቲ በባቡር ጫፍ ላይ ኢትዮጵያን ያህል አገር አላት፤ መርከብ ባያልፍባትም የሚገባና የሚወጣ ዕቃ አያጣትም። ኤደን ከአንገቷ ማዶ ያላት ደረቅ ሜዳ፣ ጥቂት የላሕጅ እርሻ፣ ከዚያም ለረጅም ጊዜ በድንበርና በፖለቲካ የተቆረጠባት የሰሜን የመን ተራራ ነው። ወደብን የሚያኖረው የባሕሩ ጥልቀት ብቻ ቢሆን ኖሮ ኤደን ጅቡቲን ባስናቀች ነበር።

ሁለተኛው ሙከራ

በ1990 ሁለቱ የመኖች ሲዋሐዱ ያ የተቆረጠ ጀርባ የተመለሰ መሰለ። በ1999 በወደቡ ሰሜናዊ ዳርቻ የኮንቴይነር ማስተናገጃ ተከፈተ፤ ሐሳቡ ትላልቅ መርከቦች ዕቃ አውርደው ትናንሾች ለቀንዱ አገሮች የሚያከፋፍሉበት ማሸጋገሪያ ለማድረግ ነበር። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ ከዋናው የመርከብ መስመር ለመታጠፍ የሚፈጀው ሰዓት ትንሽ ነው።

ጥቅምት 12 ቀን 2000 ወደቡ ውስጥ ነዳጅ ስትቀዳ የነበረችውን የአሜሪካ የጦር መርከብ «ኮል» ፈንጂ የጫነች ትንሽ ጀልባ መታቻት፤ 17 መርከበኞች ሞቱ። ነዳጅ ለመቅዳት መቆም፣ ይኸው የኤደን የ160 ዓመት ሙያ፣ ለመጠቃት መጋለጥ ሆነ። በ2002 ደግሞ «ሊምቡርግ» የተባለች የፈረንሳይ ነዳጅ ጫኝ በየመን ጠረፍ ተመታች፤ የመድን አረቦን ሰማይ ነካ፣ የመርከብ ድርጅቶች ዕቃቸውን ወደ ጅቡቲና ወደ ዖማኗ ሳላላ አዞሩ። ማንም ወደቡን አልደበደበም፣ ክሬኖቹም አልተሰበሩም። የዋስትና ጠረጴዛ ላይ የተጻፈ አንድ ቁጥር በቃው።

በ2015 የሁቲ ኃይሎች ሲመጡ ጦርነቱ የካርታውን ትምህርት ደገመው። ውጊያው መጀመሪያ የተፋፋመው ኾርማክሳር ላይ ነበር፤ አውሮፕላን ማረፊያው በአሸዋው አንገት ላይ ስለሆነ እሱን የያዘ ባሕረ ገብ መሬቱን ከየብስ ይቆልፈዋል። ክሬተር፣ መዓላ፣ ታዋሂ በተራ ወደቁ። ኤደን በሐምሌ ነጻ ወጣች፣ ዓለም አቀፍ ዕውቅና ያለው መንግሥት ጊዜያዊ መዲናም ሆነች፤ ሕንጻዎቿ ግን እስከ ዛሬ የጥይት ጠባሳ ይዘዋል።

ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ ሁቲዎች በቀይ ባሕርና በባብ ኤል ማንደብ የሚያልፉ መርከቦችን መምታት ሲጀምሩ ታላላቆቹ የኮንቴይነር ድርጅቶች እንደገና በተስፋ መልካም ርእስ መዞር ጀመሩ። ስዊዝ ክፍት ነበር፣ የኤደን ወደብም ክፍት ነበር፤ መርከቡ ግን በ1967 እንደሄደው አፍሪካን ከደቡብ ዞሮ ሄደ። ከሻምሳን ጀርባ ያለው የተጠለለ ውሃ ነፋስ አይነካውም፤ በዝናብ ቀን የጣዊላ ሸለቆ ደግሞ ጎርፉን ዛሬም ወደ ክሬተር ያወርደዋል።